ቆንጆ ደም መጣጮች

መቼም የተከታታይ ፊልም ክርክር እንደ ኳስ ክርክር ነው፤ ዳኛ የለውም። መቲ ውስጥ ከቡና ለቀማ ተመልሰው ማታ ማታ የሚሰባሰቡ ወጣቶች የቫምፓየር ፊልሞችን ደረጃ ሲያወጡ ደጋግሜ ሰምቻለሁ። አንደኛ ‹‹ቫምፓየር ዳያሪስ››፣ ሁለተኛ ‹‹ዘ ኦሪጂናልስ››፣ ሌላው ‹‹እሱማ ተወው›› ነው። አዲስ አበባም የገጠሙኝ ወዳጆቹ ከዚህ ብዙ አልራቁም።

አንዱ ምክንያት ፍላሽ ነው። ‹‹ቫምፓየር ዳያሪስ›› አሜሪካ ውስጥ ከ2009 እስከ 2017 እ.ኤ.አ. የታየ፣ 8 ሲዝንና 171 ክፍል ያለው ፊልም ነው። ፊልም መጫኛ ቤቶች ፍላሽ በሚሞሉበት በዚያ ዘመን ከተፍ አለ። ‹‹ባፊ›› ግን ከ1997 እስከ 2003 ታይታ አልቃ ነበር። ከዝርዝሩ የጠፋችው ተሸንፋ ሳይሆን ሜዳው ላይ ሳትደርስ ቀርታ ነው። በጉርምስና ከጓደኛ ጋር ተጋፍተን ያየነውንስ ፊልም ማን ያስንቀናል?

ሁለተኛው ምክንያት ግን ያከራክረኛል፤ ዴመን ነው። ሰውየው በሲዝን 2 የመጀመሪያ ክፍል፣ ኤሌና እምቢ ብትለው በንዴት የወንድሟን አንገት ይሰብራል። ልጁን ያተረፈችው አስማተኛ ቀለበት ናት እንጂ የዴመን ርኅራኄ አይደለም። ይኼንኑ ሰው ኤሌና መጨረሻ ላይ ታገባዋለች! ወዳጆቹን ስትጠይቋቸው የሚያስታውሱት ዐይኑንና ቀልዱን ነው። የተሰበረው አንገት ተረስቷል። ፊልሙም ለመርሳት ያመቻቻል፤ ቫምፓየሮቹ ስሜታቸውን እንደ መብራት ማጥፋት ይችላሉ። ጠፍቶ እያለ የተሠራው ግፍ ሲበራ ይቅር ይባላል። ምን ዓይነት ምቹ ማብሪያ ማጥፊያ ነው ጃል!

‹‹ባፊ›› ላይ እንዲህ ያለ መላ የለም። ኤንጅል ነፍሱ ሲመለስለት የገደላቸው ሰዎች ትዝታም አብሮ ይመለስበታል። በሲዝን 2 መጨረሻ ባፊ፣ ነፍሱ ገና እንደተመለሰለት እያወቀች፣ እየወደደችውም፣ ዓለም እንዳትጠፋ ብላ በሰይፍ ትወጋዋለች። ሒሳቡ ይከፈላል።

ነገሩን የማጠብቀው ለፊልም ብቻ ብዬ አይደለም። እኛም'ኮ የራሳችን ደም መጣጭ አለን፤ ቡዳ እንለዋለን። ማታ ጅብ ይሆናል፣ በዐይኑ ይበላል ይባላል። የእኛው ግን ቆንጆ ተዋናይ አልተቀጠረለትም፤ ስሙ የሚለጠፈው በጎረቤት ላይ ነው፤ በቀጥቃጩ፣ በሸክላ ሠሪዋ፣ በሸማኔው፣ በፋቂው። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነግረው ነበር። ከመቶ ዓመት በላይ አልፎም ከሸክላ ሠሪ ቤት ልጅ ለማግባት ሲያስብ ሽማግሌ የሚቆምበት ሰው አለ። መቲ የማጃንግ አገር ናት፤ ከደጋ የመጣን ሰዎች ግን ይህን ወሬ ከጓዛችን ጋር ይዘነው የወረድን ብዙ ነን። ማታ ለዴመን ሲከራከር ያመሸ ልጅ፣ በነጋታው ገበያ ላይ የጀበና ሻጯን ዐይን ሸሽቶ ሲያልፍ አይቻለሁ። እሷ የማንንም አንገት አልሰበረችም።

ለዚህ ነው ‹‹ትሩ ብለድ››ን (ከ2008 እስከ 2014 እ.ኤ.አ.) ወደ ላይ የማወጣው። ጃፓኖች ሰው ሠራሽ ደም ፈለሰፉና ቫምፓየሮቹ ‹‹እንግዲህ እንደ ጎረቤት እንኑር›› ብለው አደባባይ ይወጣሉ። የሚጠሏቸው ሰባኪዎች ይነሡባቸዋል፤ የቫምፓየር ደም እንደ ዕፅ ስለሚያሰክር እያጠመደ ቀድቶ የሚሸጥ ሰውም ይመጣል። ደም መጣጩ ማን እንደሆነ እዚያ ላይ ይምታታል። የኋለኞቹ ሲዝኖች ተዝረክርከዋል፤ ይህን አልክድም። እርቃኑም ስለሚበዛ ከቤተሰብ ጋር የሚታይ አይደለም።

እንግዲህ የእኔ ደረጃ ይኸው፦ ‹‹ባፊ›› አንደኛ፣ ‹‹ትሩ ብለድ›› ሁለተኛ፣ ‹‹ቫምፓየር ዳያሪስ›› ሦስተኛ፤ እሱም ለዴመን ሳይሆን ለካትሪን ሲባል። ክፉ ናት፣ ግን ወድጃታለሁ። መቲ ያሉት ልጆች ይህን ሲሰሙ ‹‹እሱማ ተወው›› እንደሚሉኝ አውቃለሁ።