«አልተቻለም» ምን ይነግረናል? በፋይል መጋራት ስያሜዎች ላይ የቀረበ ሂስ

አንድ ያረጀ ኮምፒዩተር በቤት ውስጥ ተቀምጦ፣ በሊኑክስ እየተመራ፣ ለሌሎች ኮምፒዩተሮች ፋይል ሲያቀርብ ሰርቨር እንለዋለን። «አገልጋይ» የሚለው አቻ የቤተ ክርስቲያንና የቤት ሎሌ ትዝታ ስለሚያስከትል ሕዝቡ አልተቀበለውም፤ እኛም አንከራከርበትም። የምንከራከረው ሰርቨሩ እንቢ ባለ ጊዜ በአማርኛ በሚነገረው ቃል ላይ ነው።

ነገሩን ያነሣሣን በጋምቤላ ክልል፣ በጎግ ወረዳ የገጠመን ጉዳይ ነው። የአኙዋ ቋንቋ ቃላትን በድምፅና በጽሑፍ የሚሰበስብ አንድ ባልደረባችን ፑኝዶ ከሚገኘው ቤቱ እንዲህ ያለ ሰርቨር ተክሎ ነበር። መብራት ጠፍቶ በተመለሰ ማግሥት ሁለቱ ላፕቶፖቹ የወራት ድካሙን ማየት ተሳናቸው። ሌላ ቅጂ አልነበረውም። በስልክ የነገረን አንድ ቃል ብቻ ነው፦ «አልተቻለም»። ከዚህ ቃል ተነሥተን ዲስኩን አጥፍቶ ሁሉን እንደ አዲስ እንዲተክል ልንመክረው ጥቂት ቀርቶን ነበር።

ኋላ በገጹ ላይ የወጣውን እንግሊዝኛ ፊደል በፊደል እንዲያነብልን ስንጠይቀው ግን፣ «አልተቻለም» ሲል የሰነበተው ሦስት የተለያዩ መልእክቶችን ኖሯል። ልዩነታቸውን ለመረዳት ከሰው ደጅ ቆሞ «ቤቶች!» የሚልን እንግዳ ማሰብ ይበቃል። መጀመሪያ ማንም አልመለሰም፤ ራውተሩ ከመብራቱ በኋላ ለሰርቨሩ ሌላ የአድራሻ ቁጥር ስለ ሰጠው፣ ላፕቶፖቹ የሚጣሩት ከባዶ ግቢ ነበር። አዲሱ ቁጥር ሲገኝ ቤቱ መለሰ፤ ዳሩ ግን የፋይል መጋራቱን ሥራ የሚያከናውነው ሳምባ የተባለው ፕሮግራም ስላልተነሣ፣ በ445ኛው በር ላይ እንግዳ የሚቀበል አልነበረም። (ይህን በር «ወደብ» የሚሉ አሉ፤ መርከብ ስላላየንበት «በር» ይሻለናል።) ሳምባ ሲነሣ ደግሞ እንግዳው «አንተን አላውቅህም» ተባለ። ባልደረባችን በጭንቀቱ የሊኑክሱን የይለፍ ቃል ለውጦ ነበር፤ ሳምባ ግን የራሱን መዝገብ ለብቻው ስለሚይዝ የሚያውቀው የቀድሞውን ብቻ ነው።

እንግዲህ ሦስቱም መፍትሔያቸው የተለያየ ነው። የአድራሻ ለውጥ በይለፍ ቃል አይድንም፤ ያልተነሣን ፕሮግራምም ፈቃድ በመስጠት ማስነሣት አይቻልም። «አልተቻለም» የሚለው ግሥ የከለከለውን አይጠራም፤ ከልካይ መኖሩንም አይናገርም። ለመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ይመች ይሆናል፤ ለጥገና ግን የሚፈለገውን አንድ ነገር ደብቆ ያስቀራል። ቋንቋው ቃል ስላነሰው አይደለም። «ምላሽ የለም»፣ «ተቀባይ የለም»፣ «ተከልክሏል» ብንል እያንዳንዱ በገበያ የሚታወቅ አማርኛ ነው፤ መዝገበ ቃላት መግለጥም አያሻም።

«መጫን» ሌላው ባለ ብዙ ሥራ ቃል ነው። «ማኅደሩን ጫነው» የተባለ ሰው ፕሮግራም ሊተክል፣ ፋይል ወደ ሰርቨሩ ሊልክ፣ ወይም የሰርቨሩን ማኅደር የራሱ ኮምፒዩተር አካል ሊያደርገው ይችላል። ከነዚህ ሁለተኛው በስሕተት ሲፈጸም አሮጌው ፋይል በአዲሱ ላይ ይጻፋል። ለሦስተኛው «መግጠም» የሚለውን እንመርጣለን፤ መካኒክ ጎማ ይገጥማል፣ ይፈታልም፤ ማኅደሩም እንዲሁ ተገጥሞ የሚፈታ ነው። «ፋይል» ራሱ በቢሮ ልማዳችን የአንድ ባለ ጉዳይ ወረቀቶች የሚታቀፉበት ነውና፣ በኮምፒዩተሩ ዘንድ «ማኅደር» ከምንለው ጋር መጋጨቱ አይቀርም፤ ነገር ግን ቃሉ ሥር ስለ ሰደደ ለመንቀል መሞከሩ ከንቱ ድካም ይመስለናል። «ጋርዮሽ» የሚለውንም ለፋይል መጋራት ያሰቡት አሉ። የአብዮቱ ዘመን የፖለቲካ ትምህርት ትዝታ ያልለቀቀው ቃል ስለሆነ እንተወው።

ወደ ጎግ እንመለስ። ሁሉም ከተስተካከለ በኋላ አንድ ፋይል ብቻ እንቢ አለ፤ የአኙዋ ሽማግሌዎች የዓሣ ዓይነቶችን በየስማቸው የጠሩበት ቅጂ ነበር። መልእክቱም «አልተገኘም» የሚል ነው። ባልደረባችን የጻፈው «የአሳ ስሞች»፣ የተቀመጠው ግን «የዓሣ ስሞች»። ሳምባ ለዊንዶውስ ተጠቃሚዎች ሲል የላቲኑን ትልቅና ትንሽ ፊደል እንደ አንድ ይቆጥራል፤ ለሠና ለሰ፣ ለዓና ለአ ግን እንዲህ ያለ ምሕረት የለውም፤ በዩኒኮድ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ቁጥር አላቸውና። ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸው ፊደላት ይቀነሱ፣ አይቀነሱ የሚለው የቆየ ክርክር በዚህ ቤት ውስጥ አዲስ ችግር ሆኖ ተገኘ። እስኪወሰን ድረስ ቃላት የሚሰበስብ ሁሉ የመረጠውን አጻጻፍ በስብስቡ መጀመሪያ ላይ ይመዝግብ ዘንድ እናሳስባለን። «ዓሣ» በእነዚህ ፊደላት ብቻ አራት ዓይነት ሊጻፍ ይችላል፤ ባልደረባችን ማኅደሮቹን ሲፈትሽ ሦስቱን በገዛ እጁ ጽፎ አገኛቸው።