«ኦስሎ» እና ከጠረጴዛው ላይ የቀረው መሬት

«ኦስሎ» የተሰኘውን ፊልም ያየሁት ከአንድ ወዳጄ ጋር ነበር። ሲያልቅ ሁለታችንም ረክተን ተነሣን። በማግሥቱ ግን አንድ ነገር ይቆጠቁጠኝ ጀመር፤ ለካስ በመሬት ከተጣሉ ሰዎች ጋር ሁለት ሰዓት ያህል ተቀምጬ መሬቱን አላየሁትም።

ፊልሙ ጄ. ቲ. ሮጀርስ ከጻፈውና እ.ኤ.አ. በ2017 የቶኒ ሽልማት ካገኘው ተውኔት የተወሰደ ነው። ባርትሌት ሼር አዘጋጅቶት በ2021 ለእይታ በቃ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር ናቸው)። ቴርዬ ሮድ-ላርሰንና ሞና ዩል የተባሉ ኖርዌያውያን ባልና ሚስት፣ እስራኤላውያንንና የፍልስጥኤም ነጻ አውጪ ድርጅት ሰዎችን በምሥጢር ያገናኛሉ። ተደራዳሪዎቹ በር ዘግተው ይጨቃጨቃሉ፤ ሲወጡ ዋፍል ይበላሉ፣ ውስኪ ይጠጣሉ፣ ስለ ልጆቻቸው ያወጋሉ። አሕመድ ቁሬይን ሆኖ የሚጫወተው ሳሊም ዳው ከቁጣ ወደ ቀልድ የሚመላለስበት ችሎታ ድንቅ ነው፤ ለእርሱ ሲባል ብቻ ፊልሙ ቢታይ አያስቆጭም።

ችግሩ ሰው ከሰው ከተግባባ ሌላው ይከተላል የሚለው እምነቱ ነው። ይህ እምነት የስምምነቱም ነበር። በሴፕቴምበር 1993 ዋሽንግተን ላይ የተፈረመው ሰነድ ኢየሩሳሌምን፣ ስደተኞችን፣ ድንበርንና የሠፈራ መንደሮችን ለኋላ ድርድር አሳደረ፤ የሠፈራ ግንባታን በግልጽ የሚያግድ አንቀጽም አልነበረውም። ያን ጊዜ በዌስት ባንክ፣ ምሥራቅ ኢየሩሳሌምን ሳይጨምር፣ 110 ሺህ ገደማ የነበሩት ሰፋሪዎች ዛሬ ከ500 ሺህ በላይ ሆነዋል። በ1995 የተፈረመው ተከታዩ ስምምነት ደግሞ ከዌስት ባንክ 60 በመቶ ያህሉን በእስራኤል ቁጥጥር ሥር አቆየው። ለጊዜው የታሰበው ክፍፍል እስከ ዛሬ አለ። ፊልሙ ጋዛንና ኢያሪኮን ያነሣል፤ ለሠፈራ መንደሮቹ ግን ክብደት ያለው ትዕይንት አልሰጣቸውም።

«ፊልም እኮ የውል ሰነድ አይደለም፤ ስለ ሰዎች ነው» አለኝ ወዳጄ። እውነት አለው። ሆኖም በሚስትና በርስት ቀልድ የለም ሲባል እየሰማ ላደገ ተመልካች፣ ርስቱ የማይታይበት የርስት ጠብ ግማሽ ታሪክ ነው።

ሌላውን ግማሽ ያገኘሁት «አምስት የተሰበሩ ካሜራዎች» በተባለው፣ በ2011 በወጣው ዘጋቢ ፊልም ነው። ኢማድ ቡርናት የቢልኢን መንደር ገበሬ ነው። በ2005 አራተኛ ልጁ ጅብሪል ሲወለድ ካሜራ ገዛ፤ በዚያው ሰሞን እስራኤል የምትሠራው አጥር መንደሩን ከእርሻውና ከወይራ ዛፎቹ ይለየው ጀመር። ፊልሙን የሠራው ከእስራኤላዊው ጋይ ዳቪዲ ጋር ነው። ጅብሪል አፉን ሲፈታ ከሚናገራቸው ቃላት መካከል «ግድግዳ» እና «ቀለህ» ይገኙበታል።

አንዲት ትዕይንት ከአእምሮዬ አልጠፋ አለች። መንደርተኞቹ ከአጥሩ ማዶ በቀረው መሬታቸው ላይ ተጎታች ቤት ያቆማሉ፤ ወታደሮች መጥተው ያነሡታል። በሲሚንቶ የተሠራ ቤት እንደዚያ በቀላሉ እንደማይነሣ ሲረዱ፣ ሌሊቱን ብሎኬት ተሸክመው ግድግዳ ያቆማሉ። ይህን ዘዴ የቀዱት ከሰፋሪዎቹ ነው። ቀድሞ የቆመ ቤት በድርድር ጊዜ ምን ያህል እንደሚከብድ ከዚህ በላይ ግልጽ አድርጎ ያሳየኝ ፊልም የለም። በ2007 የእስራኤል ከፍተኛ ፍርድ ቤት አጥሩ ቦታ እንዲለውጥ ፈረደ፤ እስኪነሣ ግን 2011 ደረሰ።

ይህም ፊልም ጉድለት አያጣም። ትረካው አንዳንዴ ከምስሉ በላይ ለማዘን ይሞክራል። ሰፋሪዎቹም ከሩቅ ብቻ ይታያሉ። ከአጥሩ ማዶ ያለችው የሞዲዒን ዒሊት ነዋሪዎች በአብዛኛው ልጅ የበዛላቸው አጥባቂ ሃይማኖተኞች ሲሆኑ፣ ብዙዎቹን ወደዚያ የሳባቸው የቤት ርካሽነት ነው። ፊልሙ ይህን ቢነግረን ጠቡ ይበልጥ ይከብድ ነበር።

ወዳጄን ይህንንም ጋበዝሁት። ሲያልቅ «ኦስሎ»ን እንደገና ከፍተን ዋፍሉ የሚቀርብበትን ቦታ አየን። ዳው አሁንም ድንቅ ነው፤ ክፍሉ ግን ጠበበን።