384 ከየት መጣ?
በጤና ጥናቶች የናሙና አወሳሰድ ላይ የቀረበ ሂስ

በየዓመቱ የትምህርት ዘመኑ ሊያበቃ ሲል ዕጩ መምህራን የሚያቀርቧቸውን የጥናት ጽሑፎች የማንበብና የማረም ኃላፊነት አለብን። ከእነዚህም መካከል ጥቂት የማይባሉት የጤና ጉዳይን ይመለከታሉ፤ የተማሪዎች የዓይን ሕመም፣ የአንጀት ትላትል፣ ቢልሃርዚያ፣ የንጽሕና ልማድ፣ የክትባት ሽፋንና የመሳሰሉት። ርእሱ ይለያይ እንጂ ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ስንደርስ አንድ የቆየ ወዳጅ ቁጭ ብሎ ይጠብቀናል፤ 384 የሚባል ቁጥር። በአንዳንዱ ጽሑፍ ላይ ደግሞ «መልስ ለማይሰጡ 10 ከመቶ ተጨምሮበት» 422 ወይም 423 ሆኖ ይመጣል። ጥናቱ በከተማ ይሁን በገጠር፣ ትምህርት ቤቱ 500 ተማሪ ይኑረው ወይም 5,000፣ በሽታው ብርቅ ይሁን የተስፋፋ፣ ቁጥሩ አይለወጥም። ይህ ሂስ የተጻፈው «ይህ ቁጥር ከየት መጣ?» ብሎ የሚጠይቅ ተማሪም ሆነ መምህር እያነሰ በመሄዱ ነው።

ቁጥሩ የሚገኝበት ስሌት ቀላል ነው። 1.96 በራሱ ይባዛል፤ ውጤቱ በ0.5፣ እንደገና በ0.5 ይባዛል፤ ከዚያም 0.05 በራሱ ተባዝቶ በሚገኘው ይካፈላል። 384.16 ይመጣል። እያንዳንዱ አኃዝ ትርጉም አለው። 1.96 የ95 ከመቶ የመተማመኛ ደረጃን ያመለክታል። 0.5 የተወሰደው የበሽታው ሥርጭት ካልታወቀ ከፍተኛውን የናሙና መጠን የሚሰጠው 50 ከመቶ ስለሆነ ነው። 0.05 ደግሞ አጥኚው እሳሳትበታለሁ ብሎ የፈቀደው ልክ ነው፤ ይኸውም ወደላይም ሆነ ወደታች አምስት ነጥብ። እነዚህን ሦስቱን ተማሪዎቻችን በቃላቸው ይወጡታል። ስሌቱ የተመሠረተበትን አራተኛ ሁኔታ ግን አይጠቅሱትም። እርሱም ተጠኚዎቹ ከተሟላ ስም ዝርዝር አንድ በአንድ በዕጣ የወጡ መሆናቸው ነው። ይህ ካልተሟላ 384 ከባዶ ቁጥር የተሻለ ዋጋ የለውም።

ሂስ ያለ ግለ ሂስ ፍሬ ስለሌለው በራሳችን ላይ የደረሰውን እንግለጽ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ዕጩ መምህር ወንዝ አጠገብ በሚገኝ ትምህርት ቤት ስለ ቢልሃርዚያ ያጠናውን አቀረበልን። ናሙናው 384 ነው። ስሌቱ ያለ ስሕተት ተሠርቷል፤ ሠንጠረዦቹ ያምራሉ። በማጠቃለያው ላይም በሽታው በትምህርት ቤቱ አሳሳቢ እንዳልሆነ ተጽፏል። እኛም ጥሩ ማርክ ሰጥተን አሳለፍነው። ቆይተን ስንጠይቀው ግን ለተማሪዎቹ ሁሉ የሰገራ መያዣ ዕቃ አድሎ፣ 384 እስኪሞላ ድረስ ይዘው የመጡትን ብቻ እንደመረመረ ነገረን። ከሰዓት በኋላ በመስኖ ሥራ ወላጆቻቸውን የሚረዱት፣ ከብት ይዘው ወንዝ የሚወርዱትና በመኸር ወቅት ከትምህርት ገበታ የሚቀሩት ልጆች ዕቃውን ይዘው አልተመለሱም። ውኃው ውስጥ የሚውሉት እነዚሁ ናቸው። ጥናቱ በሽታውን የፈለገው በሽታው በሌለበት በኩል ነበር። ጥፋቱም የእርሱ ብቻ አልነበረም፤ 384ን አይተን ሌላ ጥያቄ ያልጠየቅነው እኛ ነን።

ጉዳዩ የማርክ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ባልጻፍን ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው መመሪያ መሠረት የቢልሃርዚያ ሥርጭት 10 ከመቶና ከዚያ በላይ በሆነበት አካባቢ ዕድሜያቸው ከ2 ዓመት ጀምሮ ላሉት ነዋሪዎች ሁሉ ፕራዚኳንቴል የተባለው መድኃኒት በየዓመቱ እንዲሰጥ ይመከራል። እንግዲህ እውነተኛው ሥርጭት 13 ከመቶ ሆኖ የእኛ ጽሑፍ 7 ከመቶ ቢል፣ ጽሑፉም ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ቢደርስ፣ ውጤቱ ምን እንደሚሆን አንባቢ ሊገምተው ይችላል። ጉበታቸውና አንጀታቸው የሚጎዳው በናሙናው ውስጥ ያልገቡት ልጆች ናቸው።

ገበያ ወጥቶ እህል የሸመተ ሰው የናሙናን ነገር ከእኛ ይልቅ ያውቀዋል። ብልህ ሸማች ጆንያው አፍ ላይ በሚታየው ያማረ ጤፍ አይታለልም፤ ክንዱን እስከ ብብቱ አስገብቶ ከሥር ዘግኖ ያያል። ከላይ አንድ እፍኝ ቢያይ፣ ከዚያው ከላይ መቶ እፍኝ ቢጨምር፣ ስለ ሥረኛው እህል ያወቀው ነገር የለም። አድልዎ ያለበት ናሙና በብዛት አይድንም፤ ቁጥሩ ሲያድግ ስሕተቱ ይበልጥ እርግጠኛ መስሎ ይታያል እንጂ።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንመለስ። በዕጣ የተወሰደ ናሙና ቢሆን እንኳ 384 ለሁሉም አይበጅም። አንደኛ፣ ቀመሩ የሚያስበው በጣም ብዙ ሕዝብን ነው። ትምህርት ቤቱ 600 ተማሪዎች ብቻ ካሉት ለትንሽ ሕዝብ የሚደረገውን ማስተካከያ ስንሠራ 235 ይበቃል። ሁለተኛ፣ በሽታው ብርቅ ሲሆን የአምስት ነጥብ ልክ ትርጉም ያጣል። ሥርጭቱ 4 ከመቶ ይሆናል ብለን በዚያው ልክ ብናሰላ ቀመሩ 59 ተማሪ ይበቃችኋል ይለናል። ከ59 ተማሪ የሚጠበቀው ታማሚ ሁለት ወይም ሦስት ነው፤ በዚህ ላይ ምን ሊገነባ ይቻላል? ልኩን ወደ አንድ ነጥብ ብናጠብበው ደግሞ 1,476 ያስፈልጋል። ሦስተኛ፣ ብዙዎቹ ጽሑፎች ለሥራ እንዲመች ሙሉ ክፍሎችን ይወስዳሉ። ይህ የዘለላ ናሙና ይባላል፤ በራሱ ጥፋት የለበትም። ነገር ግን የአንድ ሠፈር ልጆች ከአንድ ወንዝ ስለሚዋኙ የአንዱ ውጤት የሌላውን ይመስላል። 40 ተማሪ ባለበት ክፍል ውስጥ ይህ መመሳሰል 0.05 ብቻ ነው እንበል። ከ40 አንድ ቀንሰን በ0.05 አባዝተን አንድ ስንጨምርበት 2.95 ይሆናል። ስለዚህ 384 ተብሎ የተጻፈው የሚሰጠን ዕውቀት በዕጣ ከወጡ 130 ያህል ተማሪዎች የሚገኘውን ነው።

እንዲህ ያለው ስሕተት የጀማሪ አጥኚዎች ብቻ አይደለም። የክትባት ሽፋንን ለማወቅ «ሠላሳ በሰባት» የሚባለው ዘዴ ለብዙ ዓመታት በዓለም ዙሪያ ሲሠራበት ቆይቷል። ሄንደርሰንና ሰንዳሬሳን እ.ኤ.አ. በ1982 እንደገለጹት 30 ዘለላዎች ይመረጣሉ፤ ከየዘለላው 7 ሕፃናት፣ በድምሩ 210 ይታያሉ። ዓላማው ሽፋኑን ከአሥር ነጥብ ባልበለጠ ልዩነት ማወቅ ነበር። የዘለላውን መመሳሰል አስቀድሞ በስሌቱ ውስጥ ማስገባቱ የሚያስመሰግነው ነው። ድክመቱ መንደር ውስጥ ሲገባ ይጀምራል። አጥኚው መንደሩ መሐል ቆሞ ጠርሙስ ወይም እርሳስ በማሽከርከር አቅጣጫ ይመርጣል፤ የመጀመሪያው ቤት በዚያ አቅጣጫ ካሉት በዕጣ ከወጣ በኋላ ሰባት ሕፃናት እስኪሞሉ ድረስ ቀጥሎ ያለውን ቅርብ ደጃፍ ያንኳኳል። በዚህ አኳኋን መሐል ያለው ቤት የመመረጥ ዕድሉ ከዳር ካለው ይበልጣል። ጤና ጣቢያው ያለው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ መሐል ነው። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው መመሪያ ይህን አሠራር ትቶ እያንዳንዱ ቤት የታወቀ የመመረጥ ዕድል እንዲኖረው መምከሩ ስሕተትን ማረም ውርደት እንዳልሆነ ያሳያል።

በአገራችን ለመማሪያ የሚሆን መልካም ምሳሌም አለ። እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በ1999 ዓ.ም. ለተካሄደው ቆጠራ ከተዘጋጁት የቆጠራ ቦታዎች 645 መረጠ፤ 202 ከከተማ፣ 443 ከገጠር። በየቦታው ያሉ ቤተሰቦች ሁሉ አስቀድሞ ተመዘገቡ፤ ከዚያ በኋላ በአማካይ 28 ቤተሰቦች ከየቦታው ተመረጡ። ሊሰመርበት የሚገባው ግን የሚከተለው ነው፤ የተመረጠውን ቤተሰብ በሌላ መተካት አልተፈቀደም። በዚህ ጥናት መሠረታዊ ክትባቶችን ሁሉ ያገኙት ከ12 እስከ 23 ወር ዕድሜ ያላቸው ሕፃናት 39 ከመቶ ሆነው ተገኙ። ቁጥሩ ደስ አያሰኝም፤ ግን የማይታመን አይደለም።

«ለእኛ ገንዘቡም ጊዜውም የለንም» የሚል መልስ እንደሚሰጠን እናውቃለን። ሆኖም ትምህርት ቤት ብዙ አጥኚዎች የሚመኙት ሀብት አለው፤ የተማሪዎች ስም መዝገብ። 600 ስም ካለው መዝገብ 60 ለማውጣት ከአንድ እስከ አሥር ካሉት ቁጥሮች አንዱን በዕጣ አውጥቶ፣ ከዚያ ስም ጀምሮ በየአሥሩ መቁጠር ይበቃል። መዝገቡ በክፍል ደረጃ ተራ ከተቀመጠ ሁሉም ክፍል ይወከላል። ወላጅም ተማሪውም ይፈቅዱ ዘንድ ዓላማው ይነገራቸው። ስሙ የወጣ ልጅ በዕለቱ ከቀረ በማግስቱ፣ ከዚያም ቤቱ ድረስ ይፈለግ እንጂ አጠገቡ የተቀመጠው አይተካበት። ጨርሶ ያልተገኘው ስንት እንደሆነና ለምን እንደቀረ ይጻፍ። ሕመም የተገኘበትም ወደ ጤና ጣቢያ ይላክ። 60 ተማሪ ሰፊ የስሕተት ልክ እንዳለው እንቀበላለን፤ በ50 ከመቶ ላይ ወደላይም ወደታችም 13 ነጥብ ያህል ነው። ይህ ግን ተለክቶ በግልጽ የሚጻፍ ስሕተት ነው። በፈቃዳቸው የመጡት 384 ግን ምን ያህል እንደሚያሳስቱን የሚነግረን ቀመር የለም።

ስለዚህ ባልደረቦቻችን የተማሪዎቻቸውን የጥናት ጽሑፍ ሲያርሙ ከስሌቱ በፊት «እነማን ቀሩ?» ብለው እንዲጠይቁ እናሳስባለን። ተማሪዎችም መምህራቸው ባይጠይቃቸው እንኳ ራሳቸው ጠይቀው ይጻፉት። እኛም ከዚያ ዓመት ወዲህ ሦስተኛውን ምዕራፍ ማንበብ የምንጀምረው ከቁጥሩ ሳይሆን ካልተገኙት ልጆች ነው።