ቈጣሪው ወይስ ነጋሪው? ስለ ኢንኮደር ምርጫ የቀረበ ሒስ

በእኛ በተማሪዎቹ መካከል ስለ ሲ.ኤን.ሲ. ማሽን በተነሣ ቍጥር አንድ ፍርድ ይደጋገማል። ይኸውም «በአገራችን መብራት ስለሚቋረጥ አብሶሉት ኢንኮደር ያለው ማሽን ይሻላል» የሚለው ነው። ፍርዱ ፈጽሞ ስሕተት ነው አልልም። ነገር ግን የቆመበት ምክንያት ደካማ ስለ ሆነ፥ የአንድ ትንሽ ቶርኖ ቤት ገንዘብ ያለ ቦታው እንዲወጣ ያደርጋል ብዬ እፈራለሁ።

ኢንኮደር በሞተሩ ዘንግ ላይ ተቀምጦ ዘንጉ ምን ያህል እንደ ዞረ የሚያስታውቅ መሣሪያ መሆኑ የታወቀ ነው። ኢንክሪሜንታል የሚባለው ሥራው መቍጠር ብቻ ስለ ሆነ «ቈጣሪ» ልበለው። ዲስኩ 2,500 መስመር ያለው እንደ ሆነ፥ ከሁለቱ ምልክቶቹ በአንድ ዙር 10,000 ቍጥር ይገኛል። ጠረጴዛውን የሚገፋው ቦል ስክሪው በአንድ ዙር 5 ሚሊ ሜትር የሚሄድ ከሆነም፥ አንዱ ቍጥር 0.0005 ሚሊ ሜትር ይሆናል። አብሶሉት የሚባለው ግን አይቈጥርም፤ እያንዳንዱ የዲስኩ ቦታ የራሱ መለያ ስላለው፥ በተጠየቀ ጊዜ ያለበትን ይናገራል። ይህን «ነጋሪ» እለዋለሁ።

ከአዲስ አበባ ወደ ሸዋ ሮቢት በአውቶቡስ የሚሄደውን መንገደኛ እንውሰድ። መንገዱ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ቈጣሪው መንገደኛ የጎማውን ዙር እየቈጠረ ይሄዳል፤ ጣርማበር ላይ እንቅልፍ ከወሰደው ቍጥሩ ሁሉ ጠፋ። ነጋሪው ግን ሲነቃ የመንገዱን ዳር የኪሎ ሜትር ምልክት አንብቦ ቦታውን ያውቃል። እስከዚህ ድረስ ጓደኞቼ እውነት አላቸው። ሆኖም የይፋት ሰው ምልክቱን ሳያነብ እንኳ፥ የደብረ ሲናን ቁልቁለት ጨርሶ የቆላው ሙቀት ፊቱን ሲመታውና ጋቢውን ሲያወልቅ አገሩ መቃረቡን ያውቃል፤ ከዚያ በኋላ አንድ የታወቀ ድልድይ ቢያይ ቍጥሩን ከዚያ ይጀምራል። የቈጣሪው ማሽን ማለዳ ማለዳ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ጠረጴዛው ወደ ዳር ሄዶ ማብሪያ ማጥፊያ ይነካል፤ ይህ በግምት ነው። ቀጥሎ በአንድ ዙር አንድ ጊዜ ብቻ የሚመጣውን የዜሮ ምልክት ይፈልጋል፤ ይህ በትክክል ነው። ሥራው ቢበዛ ጥቂት ደቂቃ ይፈጃል። እንግዲህ መብራት መጥፋቱ ለተራ ባለ ሦስት አቅጣጫ ማሽን የሚያስከትለው ኪሳራ ይህን ያህል ብቻ ነው። መብራት በሄደ ጊዜ ብረቱን እየቈረጠ ሳለ ቀጥ ያለውን መሣሪያማ ነጋሪውም አያድነውም።

የነጋሪው እውነተኛ ብልጫ በሌላ ቦታ ነው፥ እርሱንም ሲነገር እምብዛም አልሰማሁም። ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር ቈጣሪው በሰኮንድ 500,000 ቍጥር ይልካል። ሽቦው መከላከያ ሳይኖረው ከሞተሩ ኀይል ሽቦ ጋር አብሮ ቢታሰር፥ ወይም በጎን የብየዳ ማሽን ቢሠራ፥ ጥቂቱ ይጠፋል ወይም ይጨመራል። በየጉዞው 2 ቍጥር ቢጐድል ከ100 ጉዞ በኋላ 0.1 ሚሊ ሜትር ይሆናል። በየዙሩ የዜሮው ምልክት ካልተመሳከረ በቀር፥ መብራት ሳይጠፋ፥ ምንም ማስጠንቀቂያ ሳይሰማ ሥራው ይበላሻል። ነጋሪው ግን አንድ ጊዜ ቢሳሳት በሚቀጥለው ጥያቄ ራሱን ያርማል፤ ስሕተቱ አይከማችም።

ስሙም ቢሆን ያታልላል። ነጋሪ ከሚባሉት አንዳንዶቹ የሚያውቁት የአንድ ዙር ውስጥ ቦታን ብቻ ነው። የዙሮቹን ብዛት በጥርስ ወይም በሌላ ብልሃት የሚይዙ አሉ፤ ብዙዎቹ ግን በትንሽ የሊቲየም ባትሪ የሚቈጥሩ ናቸው። ባትሪው ሲያልቅ ነጋሪው እንደ ቈጣሪው ይረሳል። ሙቀትም የባትሪን ዕድሜ ያሳጥራል፤ ሸዋ ሮቢት ደግሞ ሙቀት አያጣም።

ሌላው ነገር ቋንቋ ነው። ነጋሪው የሚናገረው ኤንዳት ወይም ቢስ በሚባሉ የመገናኛ ሥርዓቶች ነው። ርካሹ ኮንትሮለር የእርምጃና የአቅጣጫ ምልክት ለሞተር ነጂው ልኮ ዝም የሚል ዐይነት ከሆነ፥ ነጂው ቦታውን ቢያውቅም ኮንትሮለሩ አይጠይቅም። ስለዚህ ማሽኑ እንደ ገና ማለዳ ዜሮውን ይፈልጋል፤ የተከፈለበት ዕውቀት ከነጂው ሳጥን ሳይወጣ ይቀራል።

የቆላውን ሙቀት ካነሣሁ አይቀር፥ ከሁለቱም የሚከፋውን ልጨምር። ብረት በአንድ ሜትር፥ በአንድ ዲግሪ፥ 0.012 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል። ግማሽ ሜትር ያለው ቦል ስክሪው በ10 ዲግሪ ቢሞቅ፥ የሚቈረጠውም ብረት አብሮ ካልሞቀ፥ ልዩነቱ 0.06 ሚሊ ሜትር ነው። ይህ ከላይ ካሰብነው ቈጣሪ 120 ቍጥር ያህል ነው። በሞተሩ ዘንግ ላይ የተቀመጠ ኢንኮደር፥ ቈጣሪም ይሁን ነጋሪ፥ ይህን አያይም። በሸዋ ሮቢት ለሽንኩርት መስኖ የሚሆን የፓምፕ ቤት የሚሠራ ሰው፥ አንደኛውን የኩሽኔታ መቀመጫ ማለዳ፥ ሁለተኛውን በቀትር ቢቈርጥ፥ ዘንጉ ይጨናነቅበታል፤ ኢንኮደሩም ሁለት ጊዜ «ልክ ነው» ይለዋል። ለዚህ የሚረዳው በጠረጴዛው ላይ የተገጠመ የመስመር መለኪያ ነው። ከእነዚህም ውስጥ ቈጣሪ ሆነው፥ የዜሮ ምልክቶቻቸው በተለያየ ርቀት ስለ ተደረደሩ፥ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ተንቀሳቅሰው ቦታቸውን የሚያውቁ አሉ።

ነጋሪውን ያለ ክርክር የምቀበለው ራሱን አዘንብሎ ለሚቈርጥ ባለ አምስት አቅጣጫ ማሽንና ለሮቦት ክንድ ነው። መሣሪያው በጠባብ ጕድጓድ ውስጥ ሳለ መብራት ቢሄድ፥ ዜሮ ፍለጋ ወደ ዳር መሄድ መሣሪያውንም ሥራውንም ይሰብራል። ለቶርኖ ቤቱ ባለ ሦስት አቅጣጫ ማሽን ግን፥ የዋጋውን ልዩነት ከማውጣት በፊት ሽቦው በደንብ መሸፈኑን፥ ኮንትሮለሩም የዜሮውን ምልክት በየጊዜው ማመሳከሩን ሻጩን እጠይቃለሁ።