ስለ ተሰረቀው ጭምብል

ጅማ፣ ጊንጆ ውስጥ ባለች አንዲት የፕሌይስቴሽን ቤት ልጆቹ ሁሉ ኳስ ሲጫወቱ፣ አንድ ወጣት ብቻውን በፈረስ ሆኖ ሙታንን ሲተኩስ አየሁት። ጨዋታው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2010 የወጣው «ሬድ ዴድ ሪደምፕሽን፦ አንዴድ ናይትሜር» ነው፤ የካውቦይን ታሪክ ከመቃብር ከተነሡ በድኖች ጋር የቀላቀለ ሥራ ነው። ወንበር ስቤ ተቀመጥሁ። በዚህ ዕድሜዬ ምን እንዳስቀመጠኝ አትጠይቁኝ።

ወጣት አንባቢዎቼ ሆይ፣ ቅይጥ ነው ብላችሁ አትናቁት። በድሮው የካውቦይ ፊልም ጀግናው ብዙ ጊዜ የሚተኩሰው በአሜሪካ ነባር ሕዝብ ላይ ነበር፤ ተመልካቹም ያጨበጭብ ነበር። እዚህ ግን የሚተኮስበት አስቀድሞ የሞተ ነው። ይህ ጸጸት ነውን ወይስ መሸሸጊያ? ለበድን ዳግመኛ የሚያለቅስ የለምና ቃታ ሲሳብ ልብ አይከብደውም። ጨዋታው የሚደክመውም በዚህ ነው፤ ከመንደር መንደር ያው ተኩስ ይደጋገማል።

የሚበረታበት ደግሞ አለ። ጆን ማርስተን በደዌው የተያዙትን ሚስቱንና ልጁን አስሮ፣ ምግብ አስቀምጦላቸው መድኃኒት ፍለጋ ይወጣል። መቅሠፍቱ የመጣው ግን በሜክሲኮ የነበረ የአዝቴኮች ጭምብል ከስፍራው ስለ ተሰረቀ ነው። ጭምብሉ ሲመለስ ሙታኑ ያርፋሉ፤ በኋላ ሌላ ሰው ሲሰርቀው እንደ ገና ይነሣሉ። አስፈሪው ነገር ከበደል ጋር ስለ ታሰረ ታሪኩ ፍሬ አገኘ። በ1996 የወጣው፣ በወረቀትና በዳይስ የሚጫወቱት «ዴድላንድስ»ም እንዲሁ ነው፤ አስደናቂ ማሽኖቹ የሚነዱት ሲነድ በሚጮህ ድንጋይ ነው። ማሽኑን የወደደ ጩኸቱንም ይሰማል።

ወጣቱ ግን ንግግሩን ሁሉ እየዘለለ ይተኩሳል። «ጋሼ፣ ወሬው ያሰለቻል» አለኝ። ቀጥሎም ደብተር አወጣ። እርሱም ጨዋታ ሊሠራ አስቧል፤ ቦታው ወደ ጥንቱ የሂርማታ ገበያ የሚወስደው መንገድ ነው፤ ሌሊት ሌሊት ሰው የነበሩ ጅቦች የሲራራ ነጋዴዎችን ይከባሉ። እጁ ሥዕል ያውቃል።

«ጅቦቹ ቀን ቀን እነማን ናቸው?» አልሁት።

«አንጥረኞች ናቸዋ!»

ማረሻችንን የሠራልንን ሰው ቡዳ ብለን የሸሸንበት አሮጌ ስም ማጥፋት በአዲስ መሣሪያ ሊታተም ነው ማለት ነው። ይህ ከካውቦዩ ፊልም በምን ይሻላል?

«ነጋዴዎቹስ የጫኑት ምንድን ነው?»

«ቡና።»

«ቡና ብቻ?»

በ19ኛው መቶ ዘመን በሂርማታ ከቡናው፣ ከዝሆን ጥርሱና ከዝባዱ ጋር ሰውም ይሸጥ እንደ ነበረ ነገርሁት። ዝም አለ። ሒሳቡን ከፍሎ ወጣ፤ የተቆጣ መስሎኝ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ሳገኘው የአንጥረኞቹን ፊት ፍቆታል። ከግመሎቹ ሳይሆን ከበቅሎዎቹ ኋላ (ግመሉን ያረምሁት እኔ ነኝ) በገመድ የታሰሩ ሰዎችን በእርሳስ ጀምሯል። ጅቦቹ ከማን ወገን እንደሚሆኑ ገና አልወሰነም።