ከቤት ዕቃ ስለሚሠራ ቅርጻ ቅርጽ ትምህርት፤ በሳሪስ አቦ ካየነው በመነሣት

በሳሪስ አቦ የሚገኝ አንድ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፥ ተማሪዎቹ በቤታቸው ሠርተው ያመጡትን ቅርጻ ቅርጽ ለወላጆች ባሳየበት ዕለት ከተመልካቾቹ መካከል ነበርን። የቤት ሥራው ትእዛዝ «በቤታችሁ ከሚገኝ ነገር ቅርጽ ሠርታችሁ አምጡ» የሚል ነበር። ትእዛዙ መልካም ነው፤ በጠረጴዛው ላይ የተደረደረው ግን ከትእዛዙ ጋር አይስማማም። ልንነቅፍ የተነሣነውም ይህንኑ ነው።

ከሠላሳ ያህል ሥራዎች አብዛኞቹ የአክሱም ሐውልት፥ አንበሳ፥ ጀበናና ጎጆ ቤት ነበሩ። የተሠሩት ከጽሕፈት መሣሪያ መደብር በተገዛ አዲስ ካርቶን ሲሆን፥ ሁሉም ወርቃማ ቀለም ተቀብተዋል። የአንዳንዶቹን ጠርዝ አቆራረጥ ያየ ሰው የአዋቂ እጅ እንዳለበት አይሰወረውም። ታዲያ ከቤት የተገኘው ምኑ ነው? በሳሪስ አቦ ቤቶች የሚገኘው ቆርኪ፥ ጆንያ፥ የተጣመመ ሽቦ፥ የዘይት ጀሪካን፥ ያለቀ ሸበጥ ነው፤ ቁራሌው እየጮኸ የሚሰበስበውም ይህንኑ ነው። ካርቶንና ቀለም መግዛት ለቀን ሠራተኛ ልጅ ቀላል ነገር አይደለም። ያለ ወጪ እንዲሠራ የታሰበው ትምህርት ለወላጅ ሌላ ወጪ ሆኗል።

በጠረጴዛው ጫፍ ላይ አንዲት አህያ ነበረች። አካሏ ሽቦ፥ ቆዳዋ የሽንኩርት ጆንያ ነው፤ ጆሮዎቿ ከሸበጥ ተቆርጠዋል። ሽቦው ቀጭን ስለ ሆነ ጭንቅላቷን መሸከም አቅቶት አንገቷ ወደ መሬት አዘንብሏል። በዚሁም ምክንያት ቀኑን ሙሉ ጭነት ተሸክማ የዋለች አህያ መሰለች፤ ከወርቃማዎቹ አንበሶች አንዱ እንኳ እንዲህ ሕይወት ያለው አልነበረም። ከሁሉ ያነሰ ነጥብ የተሰጠው ግን ለእርሷ ነው። ምክንያቱን ስንጠይቅ «አልተቀባችም፤ ሽቦውም ይታያል» ተባልን።

በእኛ አስተያየት የሥራው ዋጋ ሽቦው መታየቱ ነው። ፒካሶ በ1942 እ. ኤ. አ. ከብስክሌት ኮርቻና መሪ የበሬ ራስ ሲሠራ፥ ተመልካቹ በሬውንም ብስክሌቱንም በአንድ ጊዜ ያያል፤ አንዱ ቢሸፈን ሥራው ይጠፋል። ሩቅ መሄድም አያስፈልግም። አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ. ም. ባቋቋሙት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የተማሩት ኤልያስ ስሜ፥ ከመርካቶና ከሌሎች ገበያዎች የሰበሰቡትን የኤሌክትሪክ ሽቦና የኮምፒውተር ቁርጥራጭ እየጎነጎኑ ትልልቅ ሥራዎች ሠርተዋል፤ ኅብሩን የሚሰጠው የሽቦው የራሱ ልባስ ነው። ከመስከረም አሰግድ ጋር በመካኒሳ አካባቢ ያቆሙት፥ በ2011 ዓ. ም. የተከፈተው የዞማ ሙዚየም ግድግዳም ጭቃና ጭድ ነው፤ ጭቃነቱንም አይደብቅም።

መምህሩን ብቻ መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። የክፍሉ ተማሪ ብዙ፥ ጊዜው አጭር ነው፤ ቅርጻ ቅርጽ እንዴት እንደሚሠራ ለእርሳቸውም ያስተማራቸው ላይኖር ይችላል። እኛም ብንሆን በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለን የጭቃ ሥራችንን እብነ በረድ እንዲመስል ጀሶ ቀብተን ተሞግሰንበታል፤ ዛሬ ስናስበው ያሳፍረናል።

ይሁን እንጂ መምህሩ ለልጆቹ የነገሯቸው ምን እንደሚሠሩ እንጂ በእጃቸው ያለውን ነገር እንዴት እንደሚይዙት አይደለም። በገጠር ከብት የሚጠብቅ ልጅ የጭቃ በሬ ሲሠራ እግሩን አጭርና ወፍራም ያደርገዋል፤ ቀጭን እግር እንደማይቆም ከጭቃው ተምሯል። ጭቃው ውጪው ቶሎ ደርቆ ውስጡ እርጥብ ከቀረ ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ ጭድ ይገባበታል፥ በጥላ ሥር ቀስ ብሎ ይደርቃል። የበቆሎ አገዳም እንዲሁ ነው፤ ልጆች ልጣጩን ሰንጥቀው፥ ለስላሳውን ውስጡን በእርሱ እየወጉ መነጽርና መኪና ይሠሩበታል፤ ሙጫም አይሹም። በክፍል ውስጥ አንድ ቀን ሽቦ ማጠፍ፥ አንድ ቀን ጭቃ ማቡካት ቢለማመዱ ኖሮ የአህያዋ ባለቤት አንገቷን ደርቦ ሊያጠነክረው፥ ወይም አውቆ እንዳዘነበለ ሊተወው ይችል ነበር። አሁን ግን ምርጫው የእርሱ ነው ወይስ የሽቦው፥ ለማወቅ የጠየቀው የለም።

ለሚቀጥለው ዓመት ትርኢት የምናቀርበው ሐሳብ አንድ ነው። በእያንዳንዱ ሥራ ሥር፥ ዕቃው ከቤቱ ከየት እንደ ተገኘና ማን እንደ ረዳው ልጁ በእጁ ጽፎ ያኑር፤ ነጥብም ከዚያ በኋላ ይሰጥ። አህያዋን ባለቤቷ በፌስታል ይዟት ሲሄድ አይተናል፤ አንድ ጆሮዋ በጠረጴዛው ላይ ቀርቶ ነበርና ተከትለን ሰጠነው።