ገዳይዋ ከመጀመሪያው የምትታወቅበት ታሪክ

በአንዲት ትንሽ ከተማ ሰው ሞቶ ይገኛል። መርማሪ ይመጣል፤ ሕልምና ጥላ ይበዛል፤ በመጨረሻ ገዳዩ መንፈስ ሆኖ ያርፈዋል። እንዲህ ያለ ፊልም አይቼ አብዛኛውን ጊዜ ቅር ብሎኝ ነው የምነሳው። የዚህ ዓይነቱ ሥራ አውራ የዴቪድ ሊንችና የማርክ ፍሮስት «ትዊን ፒክስ» ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 በቴሌቪዥን ሲጀምር የሎራ ፓልመር አስከሬን በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ውኃ ዳር ተገኘ፤ ተመልካቹ ሁሉ «ማን ገደላት?» አለ። ጣቢያው ገዳዩ ይታወቅ ብሎ ገፋ፤ መልሱም ቦብ የሚባል መንፈስ በአባቷ ላይ አድሮ እንደነበር ሆኖ ወጣ። ተከታታዩ በ1991 ቆመ። በ1992 የተከተለው ፊልም ደግሞ መልሱን ለሚያውቅ ሰው የቀረበ ነውና፣ ውብ ምስሎች ቢኖሩትም፣ እኔን አላረካኝም።

ገዳዩ መንፈስ መሆኑ ግን ጥፋት አይደለም። ያንኑ ታሪክ ከፊልም በፊት ለብዙ ዘመን ሲሠሩበት የኖሩ እጆች አሉ፤ ሥራቸው በቅርብ ሲታይ ያስደንቃል።

እነዚህን እጆች ፍለጋ ጎጃም እንሂድ። ከደጀን ተነስቶ በቢቸና፣ በደብረ ወርቅና በሞጣ አልፎ ባሕር ዳር የሚደርሰው መንገድ የሚያቋርጠው የትምህርት አገር ነው። «ፍቅር እስከ መቃብር» ብዙው ታሪኩ የሚፈጸምበት ዲማ ጊዮርጊስ ቢቸና አጠገብ ነው፤ ደብረ ወርቅ ማርያምና መርጡለ ማርያምም በዚያው ወገን ናቸው። ቅኔ ዘራፊውን፣ መጽሐፍ ተርጓሚውን፣ ብራና ፋቂውን ያፈራው ትምህርት ክታብ (በአንገት የሚንጠለጠለውን የጸሎት ብራና) የሚጽፈውንም ደብተራ አብሮ አፍርቷል። ፈረንሳዊው ማርሴል ግሪዮል እ.ኤ.አ. በ1928 እና 1929 ጎጃም ውስጥ ቆይቶ፣ አንድ ደብተራ መድኃኒቱንና አስማቱን የመዘገበበትን መጽሐፍ በ1930 ፓሪስ ላይ ያሳተመው በከንቱ አይደለም።

በክታብ ላይ ደጋግሞ የሚጻፈው ጸሎተ ሱስንዮስ ነው። ነገሩ የሞት ምርመራ ነው። ሕፃን ይሞታል፤ እናት ታለቅሳለች፤ አባቱ ሱስንዮስ ምን እንደሆነ ይጠይቃል፤ ውርዝልያ የምትባል መንፈስ ገብታ እንደገደለችው ትነግረዋለች። እንግዲህ ስሙ ወጣ። ፊልሞቹ እስከ መጨረሻው የሚደብቁትን ይህ ታሪክ ገና ሳይጀምር ይሰጣል፤ ስለዚህ ልባችንን የሚይዝበት ሌላ ነገር መሥራት አለበት፤ ይሠራልም። ሱስንዮስ በፈረስ ላይ ሆኖ ጦሩን በቀኝ እጁ ይዞ ይወጣል። መንገድ ዳር የተቀመጠች አሮጊት ያገኛል፤ «በዚህ አልፋ ይሆን?» ብሎ ይጠይቃታል። አገር ገዳይ ሲጠፋበት አውጫጭኝ ተቀምጦ ነዋሪውን አንድ በአንድ ይጠይቅ እንደነበረው፣ እዚህም ከተአምሩ በፊት ምስክር ይቀድማል። አሮጊቷ ወደ አትክልቱ ቦታ ትመራዋለች። እዚያ ውርዝልያን በአጋንንት ተከባ ያገኛታል። ከፈረሱ ወርዶ ወደ ምሥራቅ ይጸልያል፤ ከዚያ ይወጋታል። እሷም የሱስንዮስ ስም ባለበት ላትደርስ ትምላለች። አንድ ትርፍ ሰው የለም፤ ያለ ምክንያት የተንዛዛ ትዕይንትም የለም።

መሐላዋ ታሪኩን ከብራናው ጋር ይቋጥረዋል። ስሙ ያለበት ቦታ ክታቡ ራሱ ነውና፣ ያሠራችው ሴት በአንገቷ ስታንጠለጥለው የታሪኩ መጨረሻ እሷ ላይ ይፈጸማል።

የእጅ ሥራውም ለዚህ የሚመጥን ነው። የበግ ወይም የፍየል ቆዳ ይወጠራል፣ ይፋቃል፣ በድንጋይ ይታሻል። ከዚያ በጠባቡ ተቀድዶ ሁለት፣ ሦስት አንዳንዴም አራት ቅዳጅ ጫፍ ለጫፍ ይሰፋል። ርዝመቱ ብዙ ጊዜ የክታቡ ባለቤት በሆነችው ሴት ቁመት ይለካል፤ ከራስ እስከ እግር ያልተጠበቀ ቦታ እንዳይቀር ነው። መስመሩ በወስፌ ይሰመራል፤ ጥላሸት ከተቆላ እህልና ከቅጠላ ቅጠል ጋር ለወራት ተብላልቶ ጥቁር ቀለም ይሆናል፤ በመቃ ብዕር ይጻፋል። ቀዩ ቀለም ለአርእስትና ለቅዱስ ስም ነው፤ የባለቤቷም የክርስትና ስም ብዙውን ጊዜ በዚያው በቀይ ይገባል። ተራ ሴት ስሟ ከመላእክት ስም ጋር በአንድ ቀለም የተጻፈበት ቦታ ሌላ የት ይገኛል?

ከሁሉ ግን የምወደው በክታቡ ላይ የሚሣለውን ጠልሰም ነው። ስምንት ጫፍ ያለው ኮከብ፣ በመካከሉ ፊት፣ ዙሪያውን ዓይን። ስለ ክታብ ብዙ የጻፉት ዣክ መርሲዬ እንደሚያስረዱት፣ ሥዕሉ ለሕመምተኛዋ ብቻ የተሣለ አይደለም፤ መንፈሱ በእሷ ዓይን አሾልኮ ሲያይ እንዲደነግጥ ነው። ሠዓሊው ለገዳዩ ነው የሚሥለው! የዓይኑ ብሌን ወደ ጎን የተገፋው፣ ቅንድቡ የወፈረው፣ መስመሩ ያለ ማመንታት የተሳበው ለዚህ ነው። በተቻኮለ እጅ የተሠራ፣ ለቱሪስት ገበያ የወጣ ክታብ በዚህ ይለያል፤ ዓይኖቹ ጌጥ ብቻ ሆነው ይቀራሉ።

ሕፃን የሚያድነው አዋላጅና ክትባት መሆኑን አውቃለሁ፤ ቤተ ክርስቲያንም አስማቱን አትባርከውም። ነገር ግን ልጅ በላይ በላዩ በሚሞትበት ዘመን፣ ቆዳ ፍቆ፣ ቀለም አብላልቶ፣ የእናቲቱን ቁመት ለክቶ የተቀመጠ ሰው ሐዘኑን እንደ መዝናኛ አልቆጠረውም። ስለ መንፈስ ፊልም የሚሠሩ ወጣቶቻችን ይህን ሥራ በአካል ቢያዩት እመኛለሁ። ስድስት ኪሎ በኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም ክታቦች አሉ። በሌሎች ስብስቦችም የመጀመሪያዋ ባለቤት ስም ተፍቆ የሌላ ሴት ስም የገባባቸው ይገኛሉ፤ በተፋቀው ቦታ ላይ ብራናው ሳስቷል፣ አዲሱ ቀይ ቀለምም ከቀድሞው ጽሑፍ ይልቅ ወደ ውስጥ ሰርጓል።